እግሩን ያልሰበሰበው ፈረስ

አንድ ሰው ነበረ። ፈረስ የሚወድ ሰው ነበረ።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ አንጓች። «በትምህርት ቤቴ ልጅ እንዳይገረፍ ደንብ አወጣሁ። በየክፍሉ እየገባሁ ‹የተመታ አለ ወይ?› ብዬ እጠይቃለሁ፤ አንድም እጅ አይነሣም። እናቶቹ ግን ልጆቻችን ጠዋት ጠዋት ሆዳችንን አመመን እያሉ ያለቅሳሉ ይሉኛል። ማንን ልመን፣ አባባ?» ነው ያልሽኝ። ርዕሰ መምህርት ሆነሽ፣ ያን ሁሉ ተምረሽ፣ ጥያቄ ይዘሽ ወደኔ መምጣትሽ ደስ ብሎኛል። ግን እኔ ስለ ትምህርት ቤት የማውቀው ነገር የለም፤ የማውቀው ስለ ፈረስ ነው። ስለዚህ የፈረሱን ስሚኝ። ደግሞ አታቋርጪኝ። ልጅ ሆነሽ ወሬ ማቋረጥ ትወጂ ነበር።

ሰውየው ይኖር የነበረው ደጋው ላይ ነው፤ ሣሩ በጥር እንኳ እርጥብ የሆነበት አገር። የዚያ አገር ሰው ፈረስ ከሌለው ሙሉ ሰው የሆነ አይመስለውም። ለቅሶ የሚደርሰው በፈረስ ነው፣ ሠርግ የሚሄደው በፈረስ ነው። በጥር፣ ታቦት ከገባ በኋላ፣ ያገሩ ፈረሰኛ በሙሉ ትልቁ ሜዳ ላይ ይወጣል። ሽምጥ ለመጋለብ አይደለም፤ ያን ጎረምሶቹ በሌላ ቀን ያደርጉታል። የዚያን ቀን የሚታየው እርምጃ ነው። ከበሮ ይመታል፤ ፈረሱ በከበሮው ልክ እግሩን እያነሣና እየጣለ ሜዳውን ያቋርጣል። አረማመዱ ያማረለት ፈረስ፣ ያን በጥልፍ የተሞላ ቀይ የኮርቻ ልብስ፣ ግላሱን፣ ይለብስና እስከሚቀጥለው ጥር በሱ ያጌጣል። ሌላ ሽልማት የለም። ግን ያን ግላስ ያለበሰ ሰው በሄደበት ቦታ ይለቀቅለታል።

ፈረሶቹ ደግሞ የፊት እግራቸው ላይ፣ ከኮቴያቸው ከፍ ብሎ፣ ሻኩራ ይታሰርላቸዋል። ትንንሽ የናስ ቃጭሎች ናቸው። አይ አንጓች፣ ያን ድምፅ ብትሰሚው ኖሮ! እኛ ሜዳው ዳር ተቀምጠን፣ ፈረሶቹ ገና ከጉብታው ማዶ ሳሉ፣ ድምፁ ቀድሟቸው ይመጣል። ጥድፊያ የለበትም፤ አንዱ ፈረስ ረግጦ፣ ቃጭሉ ጮሆ፣ ድምፁ ጥፍት ሲል ነው ሌላው የሚረግጠው። ሽማግሌዎቹ ዐይናቸውን ጨፍነው ይቺ የእገሌ ቦራ ናት፣ ያ የእገሌ ጉራቻ ነው ይላሉ፤ አይሳሳቱም። አሁንም ትዝ ሲለኝ ሆዴ ይባባል።

ከዚያ አንድ ሀብታም ሰው ከሌላ አገር መጥቶ እዚያ ተቀመጠ። በጥር ፈረሱን ይዞ ሜዳው ላይ ወጣ። ፈረሱ ጉልበቱን እስከ ደረቱ ያነሣል። እንዲህ ያለ እርምጃ አይተን አናውቅም። ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኛም አፋችንን ከፍተን ቀረን። ግላሱ የሱ ሆነ። በዓመቱም የሱ ሆነ። ዝቅ ብለው በልክ የሚራመዱት የኛ ፈረሶች ከሱ ኋላ ሲመጡ፣ ምን ልበልሽ፣ አፈርንባቸው።

ምስጢሩ ቆይቶ ወጣ። የቁልቋል ወተት ነበር። ቁልቋል ሲቆረጥ የሚወርደውን ነጩን ታውቂዋለሽ፤ ዐይን ከነካ ያሳውራል፣ ቆዳ ከነካ ያቃጥላል። ይህን፣ ሻኩራው የሚታሰርበት ቦታ ላይ ይቀቡትና በጨርቅ ጠቅልለው ያሳድሩታል። ቆዳው ይላጣል። በማግሥቱ ሻኩራውን እዚያው ቁስል ላይ ያስሩበታል። ፈረሱ በረገጠ ቁጥር ናሱ ቁስሉን ይመታዋል፤ እንግዲህ መርገጥ ያስጠላዋል፣ እግሩን ቶሎ ያነሣል፣ ከፍ አድርጎም ያነሣል። እኛ ጭፈራ ነው ብለን ያጨበጨብንለት ሕመሙን ነው።

ታዲያ ይህ ሲታወቅ ሰው የተቆጣ ይመስልሻል? ኧረ ምኑን! ሰው ተማረው እንጂ። ያገሬው ሰው በየጓሮው ከአጥሩ ቁልቋል እየቆረጠ መቀባት ያዘ። እንዲያ ፈረሱን ከልጁ እኩል የሚወድ አገር! አንዱ ስለቀባ ሌላው ቀባ፤ ያልቀባ ደግሞ ሜዳው ላይ መሣቂያ ሆነ። የሻኩራውም ድምፅ ተለወጠ። ይጣደፋል፣ ይንኳኳል፣ እርስ በርሱ ይረባበሻል። ሽማግሌዎቹ ዐይናቸውን ቢጨፍኑም የማን ፈረስ እንደ መጣ መለየት አቃታቸው።

በመጨረሻ የፈረሰኞቹ ማኅበር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ደንብ አወጡ። ሜዳው መግቢያ ላይ ሁለት እንጨት ተተክሎ በር ይሁን፤ በዚያ በር ያላለፈ ፈረስ አይራመድ። በሩ ላይ አንድ ዳሳሽ ይቁም። ዳሳሹ የፈረሱን እግር፣ ሻኩራው የሚያርፍበትን ቦታ፣ በአውራ ጣቱ ይጫን። ፈረሱ እግሩን ከሰበሰበ ወደ ቤቱ ይመለስ፣ ባለቤቱም ለከርሞ አይምጣ። ዐይን ብቻ አይበቃም ያሉት ቁስሉን በጥላሸትና በቅቤ የሚሸፍኑ ስለ ነበሩ ነው። ጥሩ ደንብ ነው፤ እኔ ብቻ ሳልሆን ማንም ክፉ ነው አይለውም። ለዳሳሽነት የመረጡት ያን መጀመሪያ የነገርኩሽን ሰው ነው። ከማንም አይወግንም፣ ጣቱም ፈረስ ያውቃል ተባለ።

በመጀመሪያው ጥር ብዙ ፈረስ ከበሩ ተመለሰ። ስድብ ነበረ፣ ግልግል ነበረ፣ ዱላ የተማዘዘም ነበረ። በሁለተኛው ቀነሰ። በሦስተኛው አንድም ፈረስ እግሩን ሳይሰበስብ ሁሉም አለፈ። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ሰንጋ ጣሉ፣ ዳሳሹን መርቀው ጋቢ አለበሱት። እሱም ደስ አለው። አንድ ነገር ብቻ ውስጥ ውስጡን በላው፤ ፈረሶቹ አሁንም ጉልበታቸውን እስከ ደረታቸው ያነሣሉ። ምናልባት መልመድ ይሆናል አለ። ለማንም አልተነፈሰም፤ ማን ይሙት፣ ሰው ሁሉ ሲደሰት ማን ያን ይናገራል?

አሁን የእህቱን ልጅ ልንገርሽ። ሰውየው የራሱ ልጅ የለውም፤ እህቱ ስትሞት ልጇን ወስዶ እንደ ልጁ አሳደገው። አንድ ቀላ ያለ ዳማ ግልገል ፈረስም ነበረው፤ እናቱ ስትወልደው ስለ ሞተችበት በላም ወተት፣ ጣቱን እያስጠባ ነው ያሳደገው። ይህ ዳማ አንድ አመል ነበረው። ሰውየው እግሩን ሊያይለት ጎንበስ ባለ ጊዜ፣ አንገቱን አዙሮ የጋቢውን ጫፍ በከንፈሩ ይዞ ይጎትታል። ተው ቢለው አይተውም። ቢቆጣው ይብስበታል። መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይሥቅ ነበር። የእህቱ ልጅ ሚስት ሲያገባ፣ ሰውየው ያን ዳማ ከነኮርቻው መርቆ ሰጠው። ከዚህ የሚበልጥ የሚሰጠው ነገር አልነበረውም።

በአራተኛው ጥር የእህቱ ልጅ ዳማውን ይዞ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ሜዳው ላይ የሚወጣው። አማቾቹ ከሩቅ መጥተው ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ የነሱም አገር ፈረሰኛ አገር ነው፣ ልጃችንን ለምን ዐይነት ሰው ሰጠናት የሚለውን የሚያዩት ያን ቀን ነው። ከሱ በፊት የመጡት ፈረሶች ሁሉ አልፈዋል። ከበሮው እየተመታ ነው። ልጁ በአንድ እጁ ልጓሙን ይዞ፣ በሌላው አለንጋውን ወደ ታች አድርጎ፣ ከዳማው ራስ ፊት ለፊት ቆመ።

ሰውየው እየሣቀ ጎንበስ አለ። ጋቢውን ሊያስጎትት ተዘጋጅቷል። አውራ ጣቱን እግሩ ላይ አሳረፈና ጫን አለ።

ዳማው ቀጥ ብሎ ቆመ። እግሩን አልሰበሰበም። አንገቱንም አላዞረም። ሰውየው ሌላውን እግር ጫነ፤ ያው ነው። ቀና ብሎ ፊቱን አየው። ጆሮው አይንቀሳቀስም፣ ዐይኑ እንኳ አይርገበገብም፤ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የልጁን አለንጋ። ያን ጊዜ ለሰውየው በሦስተኛው ጥር ሁሉም ፈረሶች ለምን እንዳለፉ ገባው። ሰዎቹ መቀባቱን አልተዉም። ቤታቸው፣ ጓሯቸው ውስጥ፣ የሱን አውራ ጣት ለፈረሶቻቸው ሲያስጠኑ ነበር የከረሙት። ቁስሉን ይጫኑታል፤ ፈረሱ እግሩን ከሰበሰበ አፍንጫው ላይ በአለንጋ ይሉታል። እንደገና ይጫኑታል፣ እንደገና ይሉታል። በመጨረሻ ፈረሱ አንድ ነገር ያውቃል፤ ጣት እግሩን ሲነካው ከተነቃነቀ የባሰ ይመጣል።

በደንቡ መሠረት ዳማው አልፏል። ሰውየው እጁን አንሥቶ እለፍ ቢል ማንም አይጠይቀውም፤ የእህቱ ልጅ አማቾቹ ፊት ይኮራል፣ ቤቱ ይደምቃል። ተመለስ ቢለው ደግሞ ያሳደገውን ልጅ በገዛ እጁ አዋረደ ማለት ነው፤ ያውም ያለ ደንብ። ጎንበስ እንዳለ ብዙ ቆየ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

ከዚያ ቀና አለና፣ «ልጓሙን ለኔ ስጠኝና አንተ ከበሩ ውጣ» አለው።

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አጎቴ፣ ደንቡ እንዲህ አይልም። ደንቡ እግሩን ከሰበሰበ ይመለስ ነው የሚለው። አልሰበሰበም» አለ።

«አልሰበሰበም። ጋቢዬንም አልጎተተም» አለ ሰውየው። «ውጣ አልኩህ።»

ልጁ ወጣ። ሰውየው እስኪርቅ ጠበቀ፤ አለንጋውን ይዞ ከሕዝቡ ኋላ እስኪሰወር ድረስ ጠበቀ። ከዚያ ዳማውን አንገቱን እያሻሸ፣ ግልገል ሳለ ወተት ሲያስጠባው ያናግረው በነበረው ድምፅ አናገረው። ምን እንዳለው አልሰማንም። ጎንበስ ብሎ እግሩን በጣቱ ነካው፤ አልተጫነውም እንኳ፣ ነካው ብቻ። ዳማው ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። አለንጋው የለም። ያን ጊዜ ከሆዱ አቃሰተና እግሩን ሰብስቦ፣ የፊት ጉልበቶቹን አጥፎ ሣሩ ላይ ወደቀ። ከበሮ መቺው እጁን ከበሮው ላይ እንዳደረገ ቀረ።

ሰውየው ማንንም አላየም፤ ቀደም ብለው ያለፉት ፈረሶች አንድ ባንድ ይመለሱልኝ አለ። ባለቤቶቹ ጮኹ፣ ደንብ ይከበር አሉ። ይገርምሻል፣ ደንቡን ያን ቀን አጥብቀው የያዙት የሚያጭበረብሩበት ሰዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ግን የወደቀውን ዳማ እያዩ ስለ ነበር አልሰሟቸውም። ፈረሶቹ ተመለሱ። ልጓሙን እሱ እየያዘ፣ ባለቤቱን እያራቀ፣ እየዳሰሰ አሳለፋቸው። አብዛኞቹ እግራቸውን ሰበሰቡ። አንዳንዶቹ ሊነካቸው ሲል ገና ተንቀጠቀጡ።

ሜዳው ላይ የቀሩት ጥቂት ናቸው። እህል ወደ ወፍጮ የሚያመላልሱ፣ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠራቸው። ከበሮ መቺው እንደ ለመደው ፈጠን አድርጎ ጀመረ፤ ፈረሶቹ አልተከተሉትም። እሱ ነው ቀስ ብሎ የተከተላቸው። ያ ድምፅ ተመለሰ፣ አንጓች። አንዱ ረግጦ፣ ቃጭሉ ጮሆ፣ ጥፍት ሲል ሌላው ይረግጣል። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ «ይቺ የወፍጮ ቤቱ ባልቴት ቦራ አይደለችም?» አሉኝ። እሷው ነበረች። እንባቸው ይወርድ ነበር። የዚያን ቀን ግላሱን ማን እንደ ወሰደ ግን፣ እውነት ልንገርሽ፣ አላስታውስም።

ልጁ ከአማቾቹ ጋር አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ዳማውን ሰውየው ቤቱ ወሰደው። ልጁ ሰላምታም ከለከለው፤ መንገድ ላይ ሲያየው በሌላ በኩል ይሻገር ነበር። ሰውየው ይህን ያህል ይጎዳኛል ብሎ አላሰበም ነበር፤ ጎዳው። ቢሆንም ጠዋት ማታ የዳማውን እግር በጨው ውሃ ያጥባል፣ ቅቤ ይቀባል። ፋሲካ ሳይደርስ ቁስሉ ጠገገ፤ ቦታው ላይ ነጭ ፀጉር በቀለ። ሌላው ነገር ግን አልጠገገም። ሰውየው እግሩን ለማጠብ እጁን በዘረጋ ቁጥር ዳማው ቀጥ ይላል፤ ትንፋሹንም ይይዛል። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ሆነ።

መስከረም ላይ አንድ ጠዋት የእህቱ ልጅ መጥቶ አጥሩ አጠገብ ቆመ። እንደምን አደርክም አላለ። ሰውየውም ግባ አላለውም፤ ጎንበስ ብሎ የዳማውን እግር ማጠቡን ቀጠለ። ያኔ ነው ጋቢው ከኋላው የተጎተተው። ልጁ ነው ብሎ አሰበ። ዘወር ሲል ልጁ እዚያው አጥሩ ጋ እንደ ቆመ ነው። ጋቢው ጫፍ ላይ የዳማው ከንፈር አለ። ሰውየው ተው አላለውም። ማልቀሱን ልጁ እንዳያይ ጎንበስ እንዳለ ቆየ፤ ግን ልጁ አይቷል፤ መጥቶ የውሃውን ቅል ከእጁ ተቀበለው።

ደንቡም ተሻሻለ። ዳሳሹ ሲዳስስ ያዡ ከበሩ ወጥቶ፣ ፈረሱ ከማያየው ቦታ ይቁም ተባለ። ሻኩራው ደግሞ ከእግር ተነሥቶ አንገት ላይ ይታሰር ተባለ። አንገት ላይ ሲሆን ድምፁ ያው አይደለም። ዛሬም ጥር ሲመጣ ያ የእግሩ ድምፅ ይናፍቀኛል፤ ናፍቆኝ እሞታለሁ እንጂ ይመለስ አልልም።

እንግዲህ ያ ሜዳ ያንቺ ትምህርት ቤት ነው፣ ልጄ። ደንብ አወጣሽ፣ ደግ አደረግሽ። በሩም ላይ ራስሽ ቆመሽ ትዳስሻለሽ። አንድም ልጅ እግሩን አልሰበሰበም፤ አንቺም እንደነዚያ ሽማግሌዎች ሰንጋ ልትጥዪ ደርሰሻል። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ክፍል ገብተሽ የተመታ አለ ወይ ስትዪ፣ የክፍሉ መምህር የት ነው የሚቆመው?

ምን አልሽ? ጮክ በዪ፣ ጆሮዬ ደክሟል።

«ከጎኔ ነው የሚቆመው፣ አባባ።»

አየሽ። ልጆቹ ላንቺ አልመለሱልሽም፤ ዝም ያሉት ለሱ ነው። እናቶቹ የሚያዩት ደግሞ አለንጋው የሌለበትን ልጅ ነው፤ ስለዚህ እናቶቹን እመኛቸው። ነገ ሂጂና ያዡን አስወጪው፣ እስኪርቅ ጠብቂ፣ ከዚያ ቁጭ ብለሽ ሌላ ሌላ ነገር አጫውቻቸው። በመጀመሪያው ቀን ዝም ቢሉሽ አይክፋሽ፤ ዳማውም ክረምቱን ሙሉ ዝም ብሎ ነበር። ክፍሉ ጸጥ ሲል ሳይሆን አንዷ ቀሚስሽን ስትጎትት፣ አንዱ ነገርሽን ሲያቋርጥሽ ነው ደስ ሊልሽ የሚገባው።

አንቺ ልጅ ሳለሽ እዚህ ግቢ መጥተሽ ወሬዬን ስታቋርጪ፣ አባትሽ ያፍር ነበር፤ ይቅርታ፣ አመሏ ነው ይለኝ ነበር። አመል አይደለም እለው ነበር፣ ይቺን ልጅ የመታት ሰው የለም ማለት ነው።